የሲኒው እጀታ፤ ኦፕን ክሊፕ አርት በእኛ ማተሚያ ቤቶች ዓይን

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ሆለታን አልፎ አዲስ ዓለም የገባ ሰው የሱቆቹን ማስታወቂያ ልብ ብሎ ቢያይ፣ ጽሑፉ የአገሩ ሆኖ ሥዕሉ የሌላ አገር ሆኖ ያገኘዋል። ስሙ በቁቤና በግዕዝ ፊደል ተጽፏል። የቡና ቤቱ ሲኒ ግን እጀታ ያለው ትልቅ ኩባያ ነው፤ የሠርግ ጥሪ ካርዱ ላይ ደወልና ርግብ አለ፤ የመንፈሳዊ ጉባኤው ባነር ላይ ደግሞ ክንፍ የበቀለለት ራቁት ሕፃን ይበራል። አምቦም ጉደርም ጊንጪም ይኸው ነው፤ አዲስ አበባም ከዚህ አልዳነችም። እነዚህን ሥዕሎች የአካባቢው ሰው አልሳላቸውም። ክሊፕ አርት ከሚባሉት ክምችቶች ተወስደው ኮርል ድሮው ወይም ኢንክስኬፕ የተባለ የሥዕል ፕሮግራም ውስጥ ገብተው፣ ብዙ ጊዜም ምንም ሳይነኩ፣ የታተሙ ናቸው።

ከክምችቶቹ መካከል ሂስ የሚገባው ኦፕን ክሊፕ አርት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የጀመሩት ጆን ፊሊፕስና ብራይስ ሃሪንግተን ከኢንክስኬፕ ሠሪዎች ወገን ሲሆኑ፣ መነሻውም የዓለም አገሮችን ባንዲራ በቬክተር የማሰባሰብ ሥራ ነበር። ኢንክስኬፕ ራሱ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሶዲፖዲ ከሚባለው ፕሮግራም ተገንጥሎ የወጣ ነጻ መሣሪያ ነው። ወደ ክምችቱ ሥዕል የሚያስገባ ሰው መብቱን ሙሉ በሙሉ ለሕዝብ ይለቃል። ስለዚህ የአዲስ ዓለም ማተሚያ ቤት ከዚያ የወሰደውን ሥዕል ቀይሮ፣ አትሞ፣ ሸጦ ቢጠቀም ፈቃድ አይጠይቅም፤ የሠዓሊውን ስም እንዲጠቅስም አይገደድም። የኮርል ድሮው ክሊፕ አርት ከፕሮግራሙ ጋር የሚመጣና በፕሮግራሙ ፈቃድ የታሰረ ነው፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ፕሮግራሙ ራሱ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ መዞሩን ሁሉም ያውቃል። ማይክሮሶፍትም የራሱን የክሊፕ አርት ክምችት እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ዘግቶ ተጠቃሚውን ወደ ቢንግ የሥዕል ፍለጋ መርቶታል። እዚያ የሚገኘው ሥዕል አብዛኛው ባለቤት አለው። እዚህም የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ ባነር አታሚው ባያነበውም።

ፍርዴን ላስቀድም። በፈቃድ ረገድ ኦፕን ክሊፕ አርትን የሚያህል አላየሁም። አሠራሩ ወጣ ገባ ነው። በይዘቱ ለእኛ ድሃ ነው፤ የድህነቱ ግማሽ ግን የእኛው ጥፋት ነው።

አሠራሩን ለመፈተን ሲኒ ይበቃል። «ቡና» የሚለውን በእንግሊዝኛ ጽፎ ለፈለገ ሰው የሚቀርብለት ባብዛኛው ባለ እጀታ ኩባያ ነው፤ የፍለጋው ቋንቋ እንግሊዝኛ፣ ልማዱም የአውሮፓና የአሜሪካ ነውና። የእኛ ሲኒ ትንሽ ናት፣ አፏ ሰፋ ታችዋ ጠበብ ያለ ነው፣ እጀታ የላትም። ሥዕሉ ቬክተር ስለሆነ እጀታውን ማንሳት መቻል አለበት። ፋይሉን ኢንክስኬፕ ውስጥ አስገብቶ ግሩፑን ሲፈቱት የክምችቱ ጥሩና መጥፎ ጎን በአንድ ጊዜ ይገለጣል። በጥንቃቄ በተሠራ ፋይል እጀታው ለብቻው ቁራጭ ነው፤ ተመርጦ ይሰረዛል፣ የአፉ ሞላላ ከጎን ተስቦ ይሰፋል፣ የሳህኑ ጥላ ይነሳል፣ ሲኒዋ በደቂቃዎች ውስጥ ትወጣለች። ከዚያ ወዲያ ኮፒ እያደረጉ ረከቦት ላይ መደርደር ነው። በግዴለሽነት የተሠራው ፋይል ውስጥ ግን እጀታውና የኩባያው አካል አንድ መስመር ሆነው ተዋህደዋል። የእጀታውን ኖዶች በኖድ መሣሪያ አንድ በአንድ ለቅሞ ማጥፋት፣ የተከፈተውን ጎን መልሶ መዝጋት፣ ኩርባውን ማስተካከል የግድ ይሆናል። ይህን ያህል ከሆነስ ከባዶ ገጽ መሣል ይቀላል። ከሁሉም የባሰው ግሩፑ አልፈታም የሚለው ነው፤ ለካ ውስጡ ፎቶ ተሸጉጦ ስሙ ብቻ ኤስቪጂ ሆኗል።

ከእነዚህ ሌላ ጆኒ አውቶማቲክ በሚል የብዕር ስም የሚታወቅ ብርቱ አበርካች ያስገባቸው ብዙ ሥዕሎች አሉ። መብታቸው ካለፈ አሮጌ መጻሕፍት የተወሰዱ የቅርጽ ሥዕሎች ናቸው፤ እንስሳቱ፣ ዕፅዋቱ፣ የእጅ ሥራ መሣሪያዎቹ ውበታቸው አይካድም። ለማረም ግን አስቸጋሪ ናቸው። እንዲህ ካለ የታተመ ሥዕል የተቀዳ ቬክተር እያንዳንዷን የቀለም ጠብታ እንደ መስመር ስለሚይዝ ኖዱ እንደ ጤፍ ይበዛል። ኢንክስኬፕ ውስጥ ኮንትሮልና ኤልን ተጭኖ ኖዱን መቀነስ ይቻላል፤ አብዝተው ከተጫኑት ግን የበሬው ቀንድ ይቀልጣል። የፖስተር ዳራ ለማድረግ ይሆናሉ፤ ለማኅተምና ለቲተር አይሆኑም።

የእኛ ማተሚያ ቤቶች ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉት ግን የክምችቱ ጥፋት ባልሆነ ነገር ነው። በመዳፍ መጠን የተሳለ ሥዕል ሦስት ሜትር ባነር ላይ ሲለጠጥ፣ የመስመሩ ውፍረት አብሮ እንዲያድግ ካልታዘዘ መስመሩ ፀጉር ይሆናል። ኮርል ድሮው ውስጥ በአውትላይን መስኮት ውፍረቱ ከዕቃው ጋር እንዲያድግ የምትፈቅድ ትንሽ ምልክት ማድረጊያ አለች፤ ኢንክስኬፕም የራሱ አለው። ማንም አይነካቸውም። ስቲከር ቆራጮች ዘንድ ሌላ ጣጣ አለ። የፕሎተሩ ምላጭ ቀለም አያውቅም፤ የሚከተለው መስመር ብቻ ነው። ሁለት ቅርጾች ከተደራረቡ ሁለቱንም ይቆርጣል፣ ስቲከሩም ሲላጥ ይበጣጠሳል። ቆራጩ አስቀድሞ ቅርጾቹን ዌልድ አድርጎ አንድ ማድረግ ነበረበት። ከሥዕሉ ጎን የተጻፈው አማርኛም በቆየው የፓወር ግዕዝ ወይም የቪዥዋል ግዕዝ ፎንት ከሆነ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ይሆናል። ፋይሉ ወደ አዲስ አበባ ትልቅ ማተሚያ ከመላኩ በፊት ጽሑፉን ወደ ከርቭ መለወጥ ሊዘነጋ አይገባም።

ወደ ይዘቱ ልመለስ። ክምችቱን «መስቀል» ብለው ቢጠይቁት የሚያቀርበው በአመዛኙ የምዕራባውያንን መስቀል ነው፤ የላሊበላን ወይም የጎንደርን የመስቀል ጥልፍ የፈለገ ሰው ራሱ ቢሥል ይሻለዋል። «ቤተ ክርስቲያን» ቢሉት ሾጣጣ ግንብና ደወል ያለው ነጭ ቤት ያመጣል። አንዳንድ ዲዛይነሮች ይህን ሽሽት ክብ የሆነ የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን ሥለው «ኢትዮጵያዊ» አደረግነው ይላሉ። ለአዲስ ዓለም ግን ይህም ስሕተት ነው። ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደዚህ ሊያዛውሩ አስበው ሐሳባቸውን ሲለውጡ ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠችው የአዲስ ዓለም ማርያም ጽዮን የአክሱም ጽዮንን አርአያ የተከተለች ባለ አራት ማዕዘን ናት። ለኅዳር 21 በዓል ፖስተር የሚሠራ ዲዛይነር ከክምችቱ ክብ ጎጆ ከሚያወጣ ወደ ግቢው ወጥቶ ቢያይ ይሻላል። ራቁቱን ሕፃን መልአክም እዚያው ይተወው፤ የእኛ ሠዓሊያን መልአክን ልብስ አልብሰው፣ አለዚያም ፊቱን በክንፍ መካከል አድርገው ነው የሚሥሉት።

ለኢሬቻ ባነር ዛፍ የሚፈልግ ሰውም ያው ችግር ይገጥመዋል። ኦዳ ማለት ግንዱ ወፍራም፣ ጥላው የተንሰራፋ ትልቅ ዛፍ ነው። ከክምችቱ የሚመጣው ግን ወይ የገና ጥድ ነው ወይ በእንጨት ላይ የተሰካ አረንጓዴ ኳስ። ኳሱን ወስዶ፣ ላዩን ተጭኖ ሞላላ አድርጎ፣ ግንዱን አወፍሮ ቅርንጫፍ መጨመር ይቻላል፤ ቬክተር ለዚህ ነው የተፈጠረው። የኦሮሞ ሴቶችን በትር፣ ሲንቄን፣ የሚተካ ግን ከምንም አይወጣም። በአንጻሩ የምረቃው ቆብ ምንም እንከን አይወጣለትም፤ የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎችም ያንኑ ቆብ ስለሚደፉ ከክምችቱ እንዳለ ተወስዶ «እንኳን ደስ አለሽ» ከሚለው በላይ ሲቀመጥ ያምርበታል። ችግሩ ክሊፕ አርት መጠቀሙ ላይ አይደለም፤ ሥዕሉ የማያውቀን ሲሆን እንዳለ መለጠፉ ላይ ነው።

ባንዲራን በተመለከተ ማንኛውም ዲዛይነር ከክምችት ያወጣውን ከማተሙ በፊት ያመዛዝን። የኢትዮጵያ ባንዲራ ቁመቱ አንድ እጅ ሲሆን ርዝመቱ ሁለት መሆን አለበት፤ ባነሩ ላይ ቦታ ጠበበ ተብሎ የሚጨመቅ ባንዲራ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ክምችቱ ለረጅም ጊዜ ከኢንተርኔት ጠፍቶ እንደነበርም አይረሳ። የሚጠቅመውን አውርዶ በራስ ሃርድ ዲስክ ማስቀመጥ ብልህነት ነው።

የቀረው የእኛ ድርሻ ነው። ክምችቱ ለሚሰጥ ሁሉ ክፍት ሆኖ ሳለ እኛ የመጣነው ለመውሰድ ብቻ ነው። ሲኒ፣ ጀበና፣ መሶብ፣ ኦዳ፣ የላሊበላ መስቀል፣ የአዲስ ዓለም ማርያም ጽዮን ሕንፃ በየዲዛይነሩ ኮምፒዩተር ውስጥ ተስለው ተቀምጠዋል፤ አንዱ ማተሚያ ቤት የሳለውን ጎረቤቱ አያውቀውም፣ እያንዳንዱም ከባዶ ይጀምራል። እንዲህ ያለ ሥዕል ያላችሁ፣ የደንበኛ ንብረት አለመሆኑን አረጋግጣችሁ፣ ቁራጮቹን ለያይታችሁ፣ ትርፍ ኖዱን አጥፍታችሁ፣ ስሙን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ ወደ ክምችቱ አስገቡት።