ስለ መሣሪያና ስለ ገዢ፤ በሁለት የሲኒማ ሥራዎች ላይ የቀረበ አስተያየት

ገና ያልመጣውን ዘመን እያሰቡ በሲኒማ የሚያሳዩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ፍርሃት አላቸው፤ ይኸውም ሰው ለመጠቀሚያው ያበጀው መሣሪያ በገዢ እጅ ሲገባ ሰውን ራሱን መጠቀሚያ ያደርገዋል የሚል ነው። ፍሪትዝ ላንግ በጀርመን አገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1927 ዓ.ም. ባወጣው «ሜትሮፖሊስ» በተባለው ሥራው፥ ባለጠጎች በረጃጅም ፎቆች ሲንደላቀቁ ሠራተኞች ከምድር በታች መሣሪያውን ሲያገለግሉ አሳየ። ከዚያ ወዲህ የመጡት ብዙዎቹ ይህንኑ ፍርሃት በየዘመናቸው ልብስ ያለበሱ ናቸው። በዚህ ነገር አሁን ኢትዮጵያውያንም ከተመልካችነት አልፈው ተገኝተዋልና፥ ሥራውን መመርመር ይገባናል።

ሚጌል ያንሶ የተባለው እስፓኛዊ በ2019 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያወጣው ትርኢት «ኢየሱስ ወደ አውራ ጐዳናው የሚወስደውን መንገድ ያሳይሃል» ይባላል። ርእሱን ሰምቶ መንፈሳዊ ትምህርት የሚጠብቅ ሰው ይሳሳታል፤ ነገሩ የስላቅ ሥራ ነው። ዘመኑ 2035፥ ቦታውም የኢስቶኒያ ዋና ከተማ ታሊን ነው። የእኛው ዳንኤል ታደሰ ጋጋኖ የተባለ የአሜሪካ ሰላይ ሆኖ ይጫወታል። ሰው ሥጋው ተኝቶ በአሳቡ የሚገባበት፥ «ሳይኮቡክ» የሚሉት በመሣሪያ የተበጀ ዓለም አለ፤ ይህንንም «ሶቪየት ኅብረት» የተባለ ቫይረስ ወሮታል። ጋጋኖ ሥራውን ለመተው አስቦ ሳለ ወደዚያ ይላካል፤ ገብቶም ተይዞ ይቀራል።

በዚያ ዓለም የሚመላለሱት ሰዎች የታወቁ ሰዎች ፊት የታተመበት ወረቀት ያጠልቃሉ፤ ቫይረሱም የስታሊንን ፊት ለብሶ ይመጣል። ከትርኢቱ ሁሉ የበለጠው አሳብ ይህ ይመስለኛል። የሚያስፈራው ሥልጣን ወረቀት እንደ ሆነ ተመልካቹም ሰላዩም ያያሉ፤ ወረቀቱ ግን ወረቀት መሆኑ ስለ ታወቀ ብቻ መግዛቱን አይተውም። ደግሞም ጋጋኖን ማንም በሰንሰለት አስሮ አላስገባውም፤ በእግሩ ሄዶ ገባ እንጂ።

ነገር ግን ሳቁ በአንድ ስፍራ ይጐድላል። ቤታ ኢትዮጵያ በተባለችው አገር ላይ ባትፍሮ የሚባል፥ የልጆች መጽሐፍ ጀግና የመሰለ አምባገነን ተሹሟል። አለባበሱ ያስቃል፤ በእርሱ ሥር ያለው ሕዝብ ምን ፈርቶ እንደሚያድር ግን ትርኢቱ አይጨነቅበትም። በቀበሌ ስብሰባ ተቀምጦ አንገቱን ለደፋ ትውልድ አምባገነን እንዲህ ቀላል ነገር አይደለም።

የዚህን ጉድለት ማሟያ የምናገኘው የኃይሌ ገሪማ ሥራ በሆነው በ«ጤዛ» ነው። በ2008 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወጥቶ በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፥ በማግሥቱም ዓመት በዋጋዱጉ ታላቁን ሽልማት ተቀበለ። አንበርብር በጀርመን አገር ተምሮ ወገኑን በሳይንስ ከበሽታ ለማዳን ተስፋ አድርጎ በደርግ ዘመን ይመለሳል። የሚቀበለው ግን የጥናት ነጻነት ሳይሆን በጉባኤ ፊት ራስህን ንቀፍ የሚል ትእዛዝ ነው፤ ጓደኛው ተስፋዬም ይገደላል። በመንደሩ ደግሞ ልጆች ለጦርነት እንዳይታፈሱ በዋሻ ይደበቃሉ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ሁሉን የሚያይ መሣሪያ የለም። የጎረቤት ዓይን፥ የባልደረባ ጆሮና የእያንዳንዱ ሰው ፍርሃት በቂ ሆነው ተገኝተዋል።

እንግዲህ ሁለቱን አስተያይተን ስንፈርድ፥ «ጤዛ» ስለ ወደ ፊት ዘመን ያልተሠራ ቢሆንም ስለ ወደ ፊቱ የሚያስጠነቅቀን እርሱ ነው እንላለን። አምባገነንነት መሣሪያ እስኪፈለሰፍ ድረስ አልጠበቀም፤ መሣሪያው የመጣው ቀድሞ የተጀመረውን ሥራ ሊያፋጥን ነውና።

ይህም ከሲኒማ አዳራሽ ውጭ ያለ ነገር ነው። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ወር አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግሥት ኢንተርኔት በመላው አገር ተዘግቶ ለሳምንታት ቆየ። በ2015 ዓ.ም. የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 ወጣ፤ በዚህም ሥርዓት የጣት አሻራ፥ የዓይን ብሌንና የፊት ምስል ይመዘገባል። በለገጣፎም ሆነ በሰበታ የሚኖር ሰው ባንክ ቤት ሲሄድ የፋይዳ ቁጥሩን ይጠየቃል። መታወቂያው በራሱ ክፉ ነው አንልም፤ ማንነቱን የሚያስረዳበት ወረቀት አጥቶ ለተንከራተተ ድኻ ጥቅሙ ግልጥ ነው። ነገር ግን መዝገቡን ማን ያያል፥ ባዩትስ ላይ ማን ይፈርዳል ብሎ የሚጠይቅ ሕዝብ ከሌለ፥ መልካሙ መሣሪያ የአሮጌው ፍርሃት ሎሌ ይሆናል።

ስለዚህ ከአገራችን የሲኒማ ባለሙያዎች የምንጠብቀው የያንሶን ድፍረት ከኃይሌ ገሪማ ሐዘን ጋር ያዋሐደ ሥራ ነው። መሣሪያውን በውጭ አገር ከተማ ሳይሆን በእኛው ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ያቁሙልን፤ በወረቀት ፊት ሥር ያለውንም እውነተኛ ፊት ያሳዩን። ያን ጊዜ ተመልካች መሣሪያውን ረግሞ ብቻ ወደ ቤቱ አይገባም፤ በጎረቤቱ ላይ ዓይን ሆኖ ያውቅ እንደ ሆነ ራሱን ይመረምራል።