ቀስቱና ተራራው፤ ስለ ሦስተኛው ተርታ ንጥረ ነገሮች አስተማማር የቀረበ ሒስ

በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ ብዙ ጊዜ አንድ ቀስት ተሥሎበት ይገኛል። ቀስቱ ከግራ ወደ ቀኝ ይዘልቃል፤ በአጠገቡም የብረትነት ባሕርይ እየቀነሰ፣ አቶሙ እያነሰ፣ ኤሌክትሮን ለማስለቀቅ የሚጠይቀው ኃይል እየጨመረ እንደሚሄድ ተጽፎበታል። ተማሪው ይህን በቃሉ ይይዛል፤ በፈተና ይመልሳል፤ ከዚያም ይረሳዋል። በዚህ ጽሑፍ የምንነቅፈው ሠንጠረዡን አይደለም። ሜንዴሌየቭ በ1869 እ.ኤ.አ. ያቆመው፣ ሞዝሊም በ1913 እ.ኤ.አ. በአቶም ቍጥር ያጸናው ሥርዓት የእኛን ምስክርነት አይሻም። የምንነቅፈው ቀስቱን፣ ይልቁንም ቀስቱን እንደ ሙሉ ትምህርት ቈጥሮ የሚያልፈውን አስተማማር ነው።

በመጀመሪያ ቀስቱ በራሱ ሜዳ እንኳ አይጸናም። የሦስተኛውን ተርታ ንጥረ ነገሮች እንውሰድ። የመጀመሪያውን ኤሌክትሮን ለማስለቀቅ ሶዲየም በሞል 496 ኪሎጁል ይጠይቃል፤ ማግኔዚየም 738። አሉሚንየም ግን ወደ 578 ይወርዳል። ከዚያ ሲሊከን 787፣ ፎስፎረስ 1012 ሆኖ ሳለ ድኝ ወደ 1000 ዝቅ ይላል፤ ክሎሪን 1251፣ አርገን 1521 ነው። እነዚህን ሁለት መውረዶች መምህሩ «ልዩ ሁኔታ» ብሎ በአንድ ቃል ሲያልፋቸው ተመልክተናል። እኛ ግን የትምህርቱ ፍሬ ያለው እዚያው ላይ ነው እንላለን። የአሉሚንየም መጨረሻ ኤሌክትሮን ከፍ ባለ ሌላ ንኡስ ደረጃ ላይ ስለ ተቀመጠ በቀላሉ ይወጣል፤ የድኝ አራተኛው የ3ፒ ኤሌክትሮን ደግሞ ከሌላ ጋር ተጣምሮ በአንድ ክፍል ስለሚኖር መገፋፋቱ ያስወጣዋል። የቀስቱ መንገድ ቢሰናከል የአቶሙ ውስጥ አሠራር የሚታየው በእነዚህ መሰናክሎች ነው። ስለ መቅለጫ ሙቀትማ ቀስት መሣል ፈጽሞ አይቻልም፤ ሲሊከን በ1414 ዲግሪ ሲቀልጥ ጎረቤቱ ነጭ ፎስፎረስ በ44 ይቀልጣል።

ሁለተኛው ነቀፌታችን ከዚህ ይከብዳል። ሶዲየም በውኃ ላይ እየሮጠ ሲቃጠል የሚለውን ምሳሌ በመጽሐፍ ያላነበበ የለም፤ በዓይኑ ያየው ግን ጥቂት ነው። በተማርንበት የሚስዮን ትምህርት ቤት ሶዲየሙ በዘይት ውስጥ ተዘግቶ ከቁም ሣጥን ሳይወጣ ዓመቱ አለፈ። ሆኖም ያው ሶዲየም ከትምህርት ቤቱ መስኮት በሚታየው ተራራ ውስጥ ሞልቶ ነበር። ከእንጦጦ እስከ የካ የሚዘረጋው ሸንተረር እሳተ ገሞራ የተፋው ዓለት ነው፤ ባዛልት፣ ትራካይትና ራዮላይት ይገኙበታል። በዚህ ዓለት ፌልድስፓር ውስጥ ሶዲየም፣ አሉሚንየምና ሲሊከን በአንድነት ታስረዋል፤ ማግኔዚየሙም በባዛልቱ ውስጥ አለ። በየካ ከዓለት የተፈለፈለውን የዋሻ ሚካኤልን ቤተ ክርስቲያን ያየ ሰው የድንጋዩ ፊት እየላላና እየተፈረፈረ መሄዱን ሳያስተውል አይቀርም። ዝናብ ዓለቱን ሲፈታው ማን ይሄዳል? ማንስ ይቀራል? ይህ ጥያቄ የሦስተኛው ተርታ ጥያቄ ነው።

ሶዲየም፣ ማግኔዚየምና አሉሚንየም በዓለት ውስጥ አዮን ሆነው እያንዳንዳቸው አሥር ኤሌክትሮን ይይዛሉ። ፕሮቶናቸው ግን 11፣ 12፣ 13 ነው። ስለዚህ አሥሩን ኤሌክትሮን የሚስበው ኃይል እየበረታ የአዮኑ ራዲየስ ከ102 ወደ 72፣ ከዚያም ወደ 54 ፒኮሜትር ያንሳል። ትልቅና አንድ ክፍያ ብቻ ያለው ሶዲየም ውኃውን በልኩ ይይዛል፤ ወንዙም ይዞት ይወርዳል። ከእንጦጦ ደቡባዊ ገጽ የሚፈሰው ቀበና ወደ ታላቁ አቃቂ፣ አቃቂም ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ያልቃል። ውኃው ይተናል፤ ሶዲየሙ ይቀራል። የአቤ ሐይቅ ጨዋማነት አንዱ ምንጭ እንዲህ ያለ የደጋ ዓለት ነው። (አሞሌ ግን ከዚህ የመጣ እንዳይመስል፤ የዳናክል ጨው የቀይ ባሕር ውኃ በጥንት ዘመን ተንኖ የተወው ነው።)

አሉሚንየም እንዲህ አይደለም። ትንሽና ሦስት ክፍያ ያለው በመሆኑ የሚከብበውን የውኃ ሞለኪውል አጥብቆ ስለሚስብ ሃይድሮጅኑን ያስለቅቀዋል፤ ራሱም ከኦክስጅን ጋር ተጣብቆ ይዘቅጣል። ሲሊከንም ጥቂቱ ቢሟሟ አብዛኛው አብሮት ይቀራል። ሁለቱ ተገናኝተው ሸክላ ይሆናሉ፤ በቁልቁለቱ ላይ የሚታየው ቀይ አፈር ይህ ነው፤ ቀለሙን የሰጠው ብረት ቢሆንም። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች ጀበናና ምጣድ የሚሠሩት ወንዝ ሊወስደው ካልቻለው ከተርታው መካከል ነው ማለት ይቻላል። ማግኔዚየም በሁለቱ መካከል ያመነታል፤ ከፊሉ ይታጠባል፣ ከፊሉም ውኃ በሚቆምበት በቦሌና በአቃቂ ሜዳ በጥቍሩ ዋልካ ሸክላ ውስጥ ይያዛል።

ወደ ቀኝ ስንሻገር ቀስቱ የማይናገረው ነገር ይታያል። ፎስፎረስና ድኝ ኦክስጅኑን ከመጠን በላይ ስለሚስቡ ከነኦክስጅናቸው አሉታዊ አዮን፣ ማለት ፎስፌትና ሰልፌት ሆነው እንደገና በውኃ ይሟሟሉ፤ ክሎሪንም ክሎራይድ ሆኖ ከሶዲየም ጋር ይወርዳል። እንግዲህ የተርታው ሁለት ጫፎች ይሄዳሉ፤ መካከሉ ይቀራል። ጎልድሽሚት የተባለው የጂኦኬሚስትሪ ሊቅ ክፍያን ለራዲየስ አካፍሎ ያሳየው ይህንኑ ነው። የዚህ ነገር ሥዕል ቀስት ሳይሆን ጉብታ ነው።

ፎስፌት ግን በቀይ አፈር ውስጥ እንደ ልቡ አይሄድም፤ የተርታ ጎረቤቱ አሉሚንየም፣ ከብረት ጋር ሆኖ፣ ይይዘዋል። አፈሩ ሲኮመጥጥ፣ በተለይ ፒኤቹ ከ5.5 በታች ሲወርድ፣ የሚሟሟው አሉሚንየም የእህሉን ሥር ይጎዳል፤ ገበሬው በገንዘቡ የገዛው ማዳበሪያም ከሥሩ ሳይደርስ ይታሰራል። ኖራ ቢጨመርበት አሉሚንየሙ ይዘቅጣል፤ እህሉም ይድናል። ነገ ከኮሌጃችን ወጥቶ በደጋ ወረዳ የሚያስተምር ጓደኛችን ለገበሬ ልጆች «የብረትነት ባሕርይ ይቀንሳል» ብሎ ብቻ ቢመለስ፣ የአባታቸውን ማሳ የሚመለከተውን ትምህርት በእጁ ይዞ ሳይሰጣቸው ቀረ ማለት ነው።

ለጀማሪ ቀላል ነገር ይሻለዋል፣ ቀስቱም ለመያዝ ይረዳል የሚሉ መምህራን አሉ። ሐሳባቸውን አንንቅም፤ ስምንት ንጥረ ነገር በአንድ ጊዜ ለሚያይ ልጅ መያዣ ያስፈልገዋል። ነገር ግን ቀላልነቱ ጥያቄን የሚከፍት እንጂ የሚዘጋ መሆን የለበትም። ጭቃውን ረግጦ የመጣ ልጅ ጉብታውን ከቀስቱ ይልቅ ቶሎ ይረዳል ብለን እናምናለን።

ስለ አርገን የሚነገረው ከማንም ጋር አይዋሐድም ተብሎ ያበቃል። በ1894 እ.ኤ.አ. እስኪገኝ ድረስ በሠንጠረዡ ውስጥ ስፍራ እንኳ አልነበረውም። ሆኖም በዓለት ውስጥ ያለው የፖታሲየም አንዱ ዓይነት ቀስ በቀስ ወደ አርገን ስለሚለወጥ፣ አርገኑም ከማንም ጋር ሳይዋሐድ በድንጋዩ ውስጥ ታስሮ ስለሚቈይ፣ የእንጦጦ ዓለት ዕድሜ 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑ የታወቀው በእርሱ ልኬት ነው። ሥራ ፈት የተባለው የተራራውን የልደት መዝገብ ጠብቆ ተገኘ።

ለሚመጣው የትምህርት ዘመን የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ተማሪዎች ከቀበና ውኃ፣ ከቁልቁለቱ ቀይ አፈር፣ ከሜዳውም ዋልካ ጥቂት ጥቂት ይዘው ይምጡ፤ ሶዲየሙን በነበልባል ቢጫ ቀለም፣ ክሎራይዱን በብር ናይትሬት ይፈትኑ፤ አፈሩንም በፒኤች ወረቀት ይለኩ። ውኃው ግን ከመኖሪያ ቤቶቹ በላይ መቀዳት አለበት፤ ከዚያ በታች የሚገኘው ሶዲየም ከዓለቱ ይልቅ የየቤቱ የወጥ ጨው ይሆናልና።