የሚያልፈውን ምስል ስለ ማስቀረት

ጥራት ያለውን የቴሌቪዥን ሥርጭት በቤቱ ቀርጾ ለማኖር የሚሻ ሰው መሣሪያ ሊገዛ ወደ ሱቅ በሄደ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ሰዓት ይይዛል?» ብሎ ነው፤ ሻጩም ይህን ጥያቄ ስለሚወደው፣ በካርቶኑ ላይ በደማቅ ቀለም የታተመውን ቁጥር በጣቱ እያመለከተ ፈጥኖ ይመልስለታል። ዲሽ በመትከልና ሪሲቨር በማስተካከል እንጀራዬን የምበላ ሰው እንደ መሆኔ መጠን፣ ብዙ ቤት ገብቼ ብዙ መሣሪያም ፈትቼ የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ የመቅረጫ ዋጋ የሚታወቀው የያዘውን መልስ ተብሎ በሚጠየቅበት ቀን መሆኑን ነው፤ ይኸውም መሣሪያው ያረጀ ወይም የተቃጠለ እንደ ሆነ፣ በውስጡ የተቀመጠው ሁሉ በሌላ ማሽን ተከፍቶ ይታያልን ወይስ ከእርሱ ጋር አብሮ ይቀበራል ማለት ነው።

ይህን ለማስተዋል መሣሪያው በውስጡ የሚሠራውን ማወቅ ያሻል። ከሳተላይት የሚወርደው ነገር ምስል ሆኖ አይወርድም፤ ጣቢያው ምስሉንና ድምፁን በአሐዝ ለውጦ፣ ኤምፔግ በተባለው ሥርዓት አጥብቆ አጭቆ ይልከዋል፣ ሪሲቨሩም ያንን የአሐዝ ፈሳሽ ተቀብሎ ይፈታና በመስታወቱ ላይ ምስል አድርጎ ያሳየዋል። መልካም መቅረጫ የሚባለው ታዲያ ይህ ፈሳሽ ከመፈታቱ በፊት፣ እንደ ወረደ፣ ሳይነካ በዲስክ ላይ የሚያኖረው ነው። ብራና የሚጽፍ ሊቅ ከፊቱ የተዘረጋውን መጽሐፍ ፊደል በፊደል ሲገለብጥ ከራሱ አንዳች እንዳይጨምር ከመጽሐፉም አንዳች እንዳይቀንስ እንደሚጠነቀቅ፣ እንዲህ ያለው መቅረጫም የተቀበለውን በምልዓት ስለሚገለብጥ፣ ቅጂው ከአየር ከወረደው ሥርጭት በአንዲት ነጥብ እንኳ አያንስም። ሁለተኛው ዓይነት ግን ከተፈታ በኋላ በሽቦ የመጣለትን ምስል እንደ ገና አጭቆ የሚጽፍ ስለሆነ፣ ምንም ያህል ቢተጋ በቅጂው ሕፀፅ መግባቱ አይቀርም።

ሕፀፁ ምን ያህል እንደሚሆን በቀላል ስሌት ይታያል። ምሉእ የሆነው ከፍተኛ ጥራት በወርዱ 1920 በቁመቱ 1080 ነጥብ ስላለው አንዱ ምስል 2,073,600 ነጥብ ይሆናል፤ ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ጫፍ ያለው የድሮው ሽቦ የሚያሳልፈው ግን ከ720 በ576 ስለማይበልጥ 414,720 ነጥብ ነው። አንዱ የሌላው አንድ አምስተኛ መሆኑ ነው። ሰው አዲስ ቴሌቪዥንና አዲስ ሪሲቨር ገዝቶ፣ ከቀድሞው የዲቪዲ መቅረጫ ጋር በዚያ በቢጫው ሽቦ ያገናኘውና «ቀረጻው ደብዘዝ አለብኝ» ሲል ይጠራኛል፤ መሣሪያው ምንም አላጠፋም፣ ከአምስት እጅ አራቱ እጅ ገና ዲስኩ ዘንድ ሳይደርስ በበሩ ላይ ቀርቷል። ኤች.ዲ.ኤም.አይ. የተባለው ሽቦ ሁሉን ያሳልፋል፤ ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ ቀረጻን የሚከለክል መቆለፊያ አብሮት ስለሚሄድ፣ በእርሱ በኩል ለመቅዳት ማሰብ ድካም ማትረፍ ነው። ስለዚህ ራሱ ሪሲቨሩ የሚቀርጽ፣ ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ የሚሰካበት ቀዳዳ ያለው መሣሪያ ይመረጣል ስል ያለ ምክንያት አይደለም።

አሁን ወደ ዲስኩ መጠን እንምጣ፤ ሻጮች የሚመኩበት ነውና ችላ ሊባል አይገባም፣ ከተገቢው በላይም ሊከበር አይገባም። በሰከንድ 8 ሜጋ ቢት የሚልክ ባለ ከፍተኛ ጥራት ጣቢያ በአንድ ሰዓት 3.6 ጊጋ ባይት ይሞላል። እንግዲህ የከተራንና የጥምቀትን በዓል ከጃን ሜዳ በቀጥታ ሲተላለፍ ለመቅረጽ የሚፈልግ ሰው ለ6 ሰዓት 21.6 ጊጋ ባይት ያስፈልገዋል፤ 32 ጊጋ ያለው ፍላሽ ይበቃዋል፣ 1000 ጊጋ ያለው ሃርድ ዲስክ ደግሞ ከ270 ሰዓት በላይ ይይዝለታል። ከዚህ የበለጠ የሚያስፈልገው ቤት እኔ እምብዛም አላየሁም።

ከመጠኑ ይልቅ መርማሪ የሚሻው የዲስኩ ሥርዓት ነው። ፋት 32 በሚባለው አደረጃጀት የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጊጋ ባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ይህ ማለት ከላይ በተናገርነው ፍጥነት የሚወርድ ሥርጭት አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ገደማ ሲሆነው ከድንበሩ ይደርሳል ማለት ነው። ብልህ የሆነው ሪሲቨር እዚያ ሲደርስ ፋይሉን ቆርጦ ሁለተኛውን ይጀምራል፣ ሰነፉ ግን ጸጥ ብሎ ያቆማል፤ ባለቤቱም በማግስቱ ሲከፍተው ታቦታቱ ከማደሪያቸው ተነሥተው መንገድ ላይ ሳሉ ቀረጻው ተቋርጦ ያገኘዋል። ኤን.ቲ.ኤፍ.ኤስ. የተባለውን አደረጃጀት የሚያነብና የሚጽፍ መሣሪያ ከዚህ ችግር ነጻ ነው።

አሁን መጀመሪያ ወዳነሣሁት ነገር ልመለስ። አንዳንድ መሣሪያ፣ በተለይም የክፍያ ቴሌቪዥን ዲኮደር፣ የሚቀርጸውን ሁሉ በራሱ ቁልፍ ቆልፎ ያኖረዋል፤ ቁልፉም በዚያው በአንዱ ማሽን ውስጥ ብቻ ስለሚገኝ፣ ዲስኩ ተነቅሎ በኮምፒዩተር ላይ ቢሰካ የፋይሉ ስም ይታያል እንጂ ፋይሉ አይከፈትም። በአንድ ወቅት ዕድሜያቸው የገፋ እናት ቤት ተጠርቼ ሄድሁ። መሣሪያቸው በመብራት መዋዠቅ ተቃጥሏል፣ ዲስኩ ግን ደኅና ነበር፤ በውስጡም የበዓላት ሥርጭት በየዓመቱ ሲያጠራቅሙ ኖረዋል። ዲስኩን ከኮምፒዩተሬ ጋር አገናኝቼ ነገሩን ባስረዳኋቸው ጊዜ፣ ዲስኩን በመዳፋቸው ይዘው አገላብጠው ተመለከቱትና «ልጄ፣ ዕቃው ይኸው ደኅና ነው አላልኸኝም? ታዲያ ጥምቀቱ የት ሄደ?» አሉኝ። «እትዬ፣ ጥምቀቱ እዚሁ አለ፤ ቁልፉ ነው የተቃጠለው» ከማለት በቀር የምመልሰው አልነበረኝም። ባለመብቱ የሚከፈልበትን ፊልም ወይም ጨዋታ መቆለፉ አግባብ ነው፣ ይህን አልነቅፍም፤ ለሁሉ በነጻ የሚሠራጨውን የሀገር በዓል ግን በተቆለፈ ዕቃ ውስጥ የሚያስቀምጥ መሣሪያ፣ ዋጋው ቢረክስም ውድ ነው። ነጻ ሥርጭትን ሳይቆልፍ፣ ማንኛውም ኮምፒዩተር በሚያነብበው ተራ ፋይል የሚጽፈውን መፈለግ ይገባል። የተከፈተ ፋይል በእጅ መኖሩ ግን አባዝቶ የመሸጥ ፈቃድ አይሰጥም፤ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ መብት አለና።

ሌላው ገዢዎች ሳይጠይቁት የሚያልፉት፣ በኋላ ግን ቤተሰቡን የሚያጣላው ጉዳይ የመቀበያው ብዛት ነው። በዲሹ ፊት የሚቆመው ኤል.ኤን.ቢ. የሚቀበለውን ሥርጭት በአራት ክፍል ይለያል፤ ሪሲቨሩ በኬብሉ 13 ወይም 18 ቮልት በመላክ ቋሚውን ወይም አግድሙን፣ 22 ኪሎ ኸርዝ የሆነ ድምፅ በመጨመር ወይም በመተው ደግሞ ላይኛውን ወይም ታችኛውን የፍሪኩዌንሲ ወገን ይመርጣል። በአንድ ኬብል በአንድ ጊዜ የሚያልፈው ከአራቱ አንዱ ብቻ ነው፤ አንድ መቀበያ ብቻ ያለው ሪሲቨርም በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ ፍሪኩዌንሲ ነው። ስለዚህ አባት ዜናውን እየቀረጹ ልጅ ኳስ ለማየት ቢፈልግ፣ ሁለቱ ጣቢያዎች በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ካልሆኑ በቀር አይቻልም። በእኛ ሀገር ነገሩ ይጠናል፤ ብዙ ቤት የኢትዮጵያ ጣቢያዎችን በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ካለው ከኢትዮሳት፣ የዓረብ ጣቢያዎችን በ7 ዲግሪ ምዕራብ ካለው ከናይልሳት ይቀበልና፣ ሁለቱን ዲሽ በአንዲት ስዊች አጋጥሞ አንድ ኬብል ያስገባል፤ ስዊቿ ወደ አንዱ ስትዞር ሌላው ይዘጋል። ሁለት መቀበያ ያለው ሪሲቨር መግዛት ብቻውን መድኀኒት አይሆንም፤ ሁለት መውጫ ያለው ኤል.ኤን.ቢ.፣ ሁለት ስዊች፣ ከጣሪያ እስከ ሳሎን የሚወርድ ሁለተኛ ኬብልም ይጠይቃል። ይህን ወጪ ሳያሰላ ባለ ሁለት መቀበያውን ገዝቶ በአንድ ኬብል የሚያሠራ ሰው ለማይጠቀምበት ነገር ከፍሏል።

በቀጠሮ መቅረጽን በሚመለከት ደግሞ የፈረንጅ መሣሪያና የሐበሻ ሰዓት የሚጋጩበት አንድ ነገር አለ፤ በየቤቱ ስለምሰማው ዘርዘር አድርጌ ልናገረው። ሳተላይቱ ሰዓትን የሚልከው በግሪንዊች አቆጣጠር ነውና ባለቤቱ በሜኑው ገብቶ 3 ሰዓት እንዲጨምር ካላዘዘው ቀጠሮው ሁሉ ይዘገያል። ይህም ከተስተካከለ በኋላ፣ የምሽቱን የ2 ሰዓት ዜና ለመቅረጽ የፈለገ ሰው በሪሞቱ 02:00 ብሎ ይጽፋል፤ መሣሪያውም በታማኝነት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ተነሥቶ በዚያ ሰዓት ያለውን ይቀርጻል። ለቀን ሰዓት 6 መደመር፣ ከምሽቱ 1 እስከ 5 ሰዓት 18 መደመር፣ እኩለ ሌሊትን 00:00 ማለት፣ ከሌሊቱ 7 እስከ 12 ሰዓት 6 መቀነስ ነው፤ የምሽቱ 2 ሰዓት እንግዲህ 20:00 ይሆናል። ይህን በወረቀት ጽፌ ሪሞቱ ከሚቀመጥበት አጠገብ እለጥፍላቸዋለሁ። በዓልንና ኳስን ለመቅረጽ ማብቂያውን ቢያንስ በግማሽ ሰዓት ማራዘም ደግ ነው፤ በቀጥታ የሚተላለፍ ነገር በተባለው ሰዓት አልቆ አያውቅምና።

የቀጥታውን ሥርጭት አቁሞ ቆይቶ መቀጠል የሚባለው ጥበብ እ.ኤ.አ. በ1999 ቲቮና ሪፕሌይ ቲቪ የተባሉት መቅረጫዎች በአሜሪካ ሲወጡ የተገኘ ነው፤ ጥብጣብ በአንድ ጊዜ ወይ ይጻፍበታል ወይ ይነበባል፣ ሃርድ ዲስክ ግን ሁለቱንም ያስተናግዳልና። ቡና እየተፈላ እንግዳ በር ቢያንኳኳ ይጠቅማል። ለዚህ ሥራ ግን ርካሽ ፍላሽ አይበቃም፤ እየጻፈ ማንበብ ሲያቅተው ምስሉ ይቆራረጣል። ትንሹ ሃርድ ዲስክ ደግሞ የራሱ ፈተና አለው፤ በተለመደው የዩ.ኤስ.ቢ. ቀዳዳ የሚሰጠው ኀይል 500 ሚሊ አምፒር ስለሆነ፣ ዲስኩ ለመነሣት ከዚያ በላይ ሲሻ «ጠቅ ጠቅ» እያለ ይቀራል። ለብቻው ከመብራት ኀይል የሚወስደው ዲስክ የተሻለ ነው። መብራት በቀረጻ መካከል ቢጠፋ ፋይሉ ሳይዘጋ ስለሚቀር ጭርሱኑ ላይከፈት ይችላልና፣ ለሪሲቨሩና ለዲስኩ ትንሽ ዩ.ፒ.ኤስ. ማስቀመጥ በዲስክ ላይ ተጨማሪ ጊጋ ከመግዛት ይበልጣል። እመቤቶቻችን ቅር አይበላቸውና፣ በእጅ የተሠራው ዳንቴል በሪሲቨሩ ላይ ባይዘረጋ ደስ ይለኛል፤ የሚያምረው ዳንቴል የመሣሪያውን መተንፈሻ ይደፍንና በሙቀት ያስጨንቀዋል።

በካርቶኑ ላይ ስለሚጻፈው ስለ «4ኬ»፣ ስለ ጨዋታዎችና ስለ ሙዚቃ ማጫወቻ የምለው የለኝም፤ ለመቅረጽ አይረዱም፣ አይጎዱምም።

አንባቢ ሆይ፣ ልትገዛ ስትሄድ የራስህን ፍላሽ በኪስህ ያዝ። ሻጩን ዲሽ ከተገናኘበት ሪሲቨር ላይ እንዲሰካልህ ጠይቀውና ባለ ከፍተኛ ጥራት ጣቢያ መርጠህ ቀዩን ቁልፍ ተጫን፤ አሥር ደቂቃ ያህል ይቀረጽ፣ በመካከሉም ወደ ሌላ ጣቢያ ለመዞር ሞክር። ከዚያ ፍላሹን ነቅለህ በሱቁ ኮምፒዩተር ክፈተው። ከተከፈተና ምስሉ ሳይቆራረጥ ከሄደ ገንዘብህን ክፈል፤ ሻጩ «ካርቶኑ ከተከፈተ አይመለስም» ብሎ ሙከራውን ከከለከለህ ግን ወደ ሌላ ሱቅ እለፍ።