የርዕስ ገጹ ያልያዘው ስም

የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ በወጣት ኅብረቶቻችን ሲነገር ብዙ ጊዜ በአንድ ሰው ጀምሮ በዚያው ሰው ያበቃል፤ በኦኔሲሞስ ነሲብ። አስቴር ጋኖ ከተነሣችም «የረዳችው እህት» ተብላ ትታለፋለች። በዚህ ጽሑፍ የምሞግተው «ረዳች» የሚለውን ቃል ነው።

አስቴር ነጻ ሆና ተወልዳ በኋላ በሊሙ እናርያ ንጉሥ እጅ ባሪያ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1886 ለሽያጭ በባሕር ወደ ዓረብ አገር ስትወሰድ የኢጣሊያ መርከቦች የተጫነችበትን ጀልባ ይዘው ነጻ አወጧት። የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮንም በምጽዋ አጠገብ፣ በእምኩሉ በነበረው የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ተቀበላት። ኦኔሲሞስም በልጅነቱ ተሰርቆ የተሸጠ፣ በ1870 ምጽዋ ላይ ነጻ የወጣ፣ በእምኩሉና በስዊድን የተማረ ሰው ነበር። የትርጉሙን ትልቅ ሸክም የተሸከመው እሱ መሆኑን ማንም አይክድም። ግን ከአገሩ ገና በልጅነቱ ስለ ተለየ፣ የእናት ቤት ቋንቋ ትኩስ ሆኖ ያለበት ሰው ከጎኑ ያስፈልገው ነበር። አስቴር የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት አሰናዳች፤ በ1893 የታተመው የአዲስ ኪዳን ትርጉም ሲታረም ያ መዝገብ ሥራ ላይ ዋለ።

ሥራዋ በዚህ አላበቃም። 500 ያህል እንቆቅልሽ፣ ተረት፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና ዘፈን በጽሑፍ አኖረች። ብዙዎቹ በ1894 በታተመው የጀማሪዎች ማንበቢያ ውስጥ ገቡ። በእኔ ግምት የዚያ መጽሐፍ ጥበብ ያለው እዚህ ላይ ነው። «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምናውቅልህ» እያለ ያደገ ልጅ ነገሩ ይገባዋል፦ ፊደል የሚቆጥረው ሕፃን በወረቀቱ ላይ የሚያገኘው ከቤቱ የሚያውቀውን ጨዋታ ነው። በገዛ ቋንቋው ማንበብ የለመደ ልጅ ነገ ወንጌሉንም የባዕድ ነገር አድርጎ አያየውም። እንዲህ ያለውን መንገድ የሚጠርግ ሰው አስተማሪ ነው፤ «ረዳት» የሚለው ስም ያንስበታል።

ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ በቅዱስ ክሪሾና ታተመ። የታተመው በግዕዝ ፊደል ስለ ሆነ፣ ቋንቋውን ባናውቀው እንኳ ፍኖተ ሰላም ተቀምጠን ፊደሉን መለየት እንችላለን። በርዕስ ገጹ ላይ ግን በተርጓሚነት የምናገኘው የኦኔሲሞስን ስም ነው።

«አገልግሎት ለእግዚአብሔር ክብር ነው፤ ስም ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖራል። መልካም ጥያቄ ነው። ነገር ግን ትሕትና ሰው ለራሱ የሚመርጠው እንጂ ሌላው የሚጭንበት አይደለም። ደግሞም ይህ ጥያቄ የኦኔሲሞስ ስም ሲጻፍ አይነሣም። ጳውሎስ በሮሜ 16 ምን እንዳደረገ እዩ። ዝርዝሩን የሚጀምረው በፌቤን ነው፤ «አገልጋይ» ይላታል። ጵርስቅላን ከባሏ ከአቂላ አስቀድሞ ይጠራታል፤ ሁለቱ አጵሎስን ያስተማሩት መሆናቸውን የሐዋርያት ሥራ 18 ይነግረናል። ጠርሲዳንም በጌታ እጅግ የደከመች ብሎ ያነሣታል። ለእያንዳንዷ ስሟንም ሥራዋንም ሰጣት።

እንዲህ ያለው ክብር ለአገራችን ለጎጃምም እንግዳ አይደለም። ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በአባታቸው ወንበር ተተክተው ቅኔ አስተምረዋል፤ ወንዶች ደቀ መዛሙርት እግራቸው ሥር ተቀምጠው ተምረዋል። ጎጃም ዛሬም የሚያነሣቸው የቅኔ መምህር ብሎ ነው። የእነሱ ጉባኤ ለሴት መምህር ይህን ስም ከሰጠ፣ ወንጌልን በየቋንቋው እናድርስ የምንል እኛ ለአስቴር «ተርጓሚ» የሚለውን ስም ለምን እንሰስታለን?

በ1904 አስቴር ከኦኔሲሞስና ከሌሎች ጋር ወደ ወለጋ ተመልሳ በነቀምቴ አስተማረች። ያልተሾመች፣ ግን ፊደል ያስቆጠረች ምዕመን ነበረች። በየአጥቢያችንም እንዲህ ያሉ እናቶች አሉ፦ ሰንበት ትምህርት ቤት የጀመሩ፣ ቤታቸውን ለጸሎት የከፈቱ፣ ለማያነቡ ያነበቡ። ወጣቶች፣ የቤተ ክርስቲያናችሁን የምሥረታ በዓል መጽሔት እንድታዘጋጁ ስትታዘዙ የሽማግሌዎችን ፎቶ በመደርደር አትጨርሱ። እነዚህን እናቶች በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው፤ ስማቸውን ከነሥራቸው መዝግቡ። «ረዳች» ብላችሁ ልትጽፉ ስትሉም ቆም በሉና ግሡን መርምሩት፤ አስተምራ ከሆነ «አስተማረች» በሉ፤ ተርጉማ ከሆነም «ተረጎመች»።