«የተገጣጠመ» ወይስ «የተሰለፈ»? ስለ አንድ የኬሚስትሪ ስያሜ አተረጓጎም

በወርቅ የተለበጠ ሰሌዳ ታዮል የተባለው ውሁድ በጥቂቱ በሟሟበት አልኮል ውስጥ ሲነከር የሞለኪዩሎቹ የድኝ ጫፍ ከወርቁ ጋር ይጣበቃል፤ ረዣዥም የካርቦን ጅራቶቻቸውም ከቋሚው መስመር ወደ 30 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብለው ጎን ለጎን ይቆማሉ። ክፍት የወርቅ ቦታ ሲያልቅ ሽፋኑ መወፈሩን ያቆማል፤ ውፍረቱም የአንድ ሞለኪዩል ቁመት፣ ማለትም ከ1 እስከ 3 ናኖሜትር ያህል ነው። ድኝ ያላቸው ውሁዶች በወርቅ ላይ እንዲህ እንደሚሰፍሩ ኑዞና አላራ እ.ኤ.አ. በ1983 ካሳዩ ወዲህ ጉዳዩ ሰፊ የምርምር መስክ ሆኗል።

የእንግሊዝኛው ስያሜ ቃል በቃል ሲመለስ «በራሱ የተገጣጠመ ነጠላ ንብብር» ይሆናል። በዚህ አተረጓጎም አንስማማም።

በ«ንብብር» ላይ ብዙ መቆየት አያሻም፤ አንዱ በሌላው ላይ መደራረቡን ስለሚያመለክት «ነጠላ» ከሚለው ቅጽል ጋር ይጋጫል። «ሽፋን» ይበቃል።

ዋናው ችግር ግሡ ላይ ነው። «ተገጣጠመ» «ገጣጠመ» የሚል ገቢር አለውና አንባቢው ገጣጣሚውን ይፈልጋል፤ የመኪና መገጣጠሚያ ፋብሪካም በዓይነ ኅሊናው ይመጣበታል። «በራሱ» የሚለው ቃል የሚጨመረው ይህንኑ ያልተጠራ ባለሙያ ለማስወጣት ነው። «ተደረደረ»ም ከዚህ አይሻልም። «ተሰለፈ» ግን ሌላ ነው። በዛሬው አማርኛ «ሰለፈ» አይባልም፤ ሌላውን የሚያቆም ሲኖር «አሰለፈ» እንላለን፣ «ተቀመጠ»ንና «አስቀመጠ»ን እንደምንለው ሁሉ። እንግዲህ የ«ተ» ባዕድ መነሻ እዚህ የግድ ተገብሮን አያመለክትም፤ «የተሰለፉ ሰዎች» ሲባል አሰላፊያቸው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

ይህ የሰዋስው ክርክር ብቻ አይደለም። ካትሪን ብሎጀት የላንግሚየርን ሥራ ተከትላ እ.ኤ.አ. በ1935 ባሳተመችው ዘዴ ሞለኪዩሎቹ በውሃ ገጽ ላይ ይበተናሉ፤ በግፊት ከተጠጋጉ በኋላም ሰሌዳው በውሃው ውስጥ ወጣ ገባ ሲል በላዩ ላይ በተራ ይለጠፋሉ። በዚህ ዘዴ ደርዳሪ እጅ አለ፤ ሽፋኑም ይደራረባል። ከላይ የነቀፍነው «ንብብር» ተገቢ ቦታውን የሚያገኘው እዚህ ነው፤ «የተደረደረ ንብብር» ቢባል ያስማማናል። ለሁለቱም «የተገጣጠመ» የሚል ተርጓሚ ሳይንሱ የለያቸውን ሁለት ነገሮች መልሶ ያቀላቅላል።

ስለዚህ «የተሰላፊ ሞለኪዩሎች ነጠላ ሽፋን» የሚለውን እናቀርባለን። ይረዝማል። «ተሰላፊ ሽፋን» ብሎ ማሳጠሩ ግን ሽፋኑን ራሱን አድራጊ ያደርገዋል፤ የሚሰለፉት ሞለኪዩሎቹ ናቸው፣ ሽፋኑ ውጤታቸው ነው። ደጋግሞ መጥራት ሲያስፈልግ «የተሰላፊዎች ሽፋን» ይሻላል። «ሰልፍ» የአደባባይና የሸመታ ጠረን አለው የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል፤ ሞለኪዩሎቹ አንድ ዓይነት ዝንባሌ ይዘው ትከሻ ለትከሻ መቆማቸው ግን ቃሉን የሚደግፍ ይመስለናል።

ሐሳባችን ከገጽታ ሽፋን አያልፍም። የቫይረስ ቅርፊት ከፕሮቲኖች ሲበጅ ጠርዝ ከጠርዝ ይጋጠማል እንጂ ሰልፍ የለውም፤ በዚያ መስክ «መገጣጠም» ከነጉድለቱ ይቆይ እንላለን።