ከቀለሙ በፊት የሚታሰብ ጌጥ

«አልጋ» የሚለው የአማርኛ ቃል መኝታንም ዙፋንንም ይይዛል፤ «አልጋ ወራሽ» የምንለውም ከዚሁ የተነሣ ነው። የሱዳን ዐረብኛው «አንገሬብ» ደግሞ ሌላ ስፋት አለው። ሌሊት መኝታ፣ ቀን የእንግዳ መቀመጫ፣ ሰው ሲሞት ቃሬዛ ነው፤ በጅርቲግ ሥርዐትም ሙሽሮች ይቀመጡበታል። ተርጓሚ «አልጋ» ብሎ ብቻ ሲያልፈው ግማሹን ትርጉም ጥሎ ያልፋል። በአሠራር ግን የእኛው የጠፍር አልጋ የቅርብ ዘመዱ ነው።

ሁለቱም በአንድ ብልሃት ይቆማሉ። አናጢው የአራቱን አግዳሚዎች ጫፍ አሹሎ በእግሮቹ ቀዳዳ ውስጥ ያስገባል። ከዚያ በኋላ የሚወጠረው ገመድ ወይም ጠፍር አግዳሚዎቹን ወደ ውስጥ እየሳበ መጋጠሚያውን ያጠብቃል። እንግዲህ በገደል አፋፍ ላይ አበባ እንደማይተከል ሁሉ፣ ክብደቱ በሚያርፍበት ቀዳዳ ዙሪያ ጥርብ ጌጥ ማብዛት ብልህነት አይደለም። ገመዱ የሚታሸበት የአግዳሚው ጠርዝም ለስልሶ መቅረት አለበት።

ይህን የጥንት ሠሪዎች ዐውቀውት ነበር። ከሦስተኛው የዐባይ ፏፏቴ አጠገብ በምትገኘው ኬርማ፣ አሜሪካዊው ጆርጅ ራይዝነር እ.ኤ.አ. ከ1913 እስከ 1916 ባካሄደው ቁፋሮ ከ3,500 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የመቃብር አልጋዎች ተገኝተዋል። እግሮቻቸው የበሬ እግር ቅርጽ አላቸው፤ በግርጌ ሳንቃዎቻቸው ላይም ከዝሆን ጥርስ የተቀረጹ እንስሳት ተለብጠዋል። ከፍ ያለው ጌጥ የሰውን ክብደት በማይሸከመው ሳንቃ ላይ መዋሉ ልብ ይባል። እግሩም ጌጥ ሆኖ ሳለ እግርነቱን አልተወም።

ዛሬ ነቀፋ የሚገባው የጌጥ ፍቅር ሳይሆን፣ ጌጡን ወደ መጨረሻ የሚገፋው ልማድ ነው። አልጋው ተገጣጥሞና ገመዱ ተወጥሮ ካለቀ በኋላ ወፍራም ቬርኒሽ ሲቀባ፣ ቀለሙ ገመዱ ወደ ሸፈነው እንጨት አይደርስም፤ ያልሞላ መጋጠሚያ ግን ይሸፍናል። የገዳሪፍ መረሬ አፈር በክረምት ውኃ ይይዛል፤ እርጥበቱም በእግሩ ቁርጥ ጫፍ በኩል ሽቅብ ይሳባል። ቀለሙ ከታች ጀምሮ የሚላቀቀው ለዚህ ነው። መፍትሔው ቅደም ተከተል ነው፤ እንጨቱ በደንብ ይድረቅ፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፈግ፣ የእግሩ ጫፍ ደጋግሞ ዘይት ይጠጣ፣ ገመዱ በመጨረሻ ይወጠር። ዘይቱም የተልባ ይሁን። ሰሊጥ የአገሩ በረከት ቢሆንም ዘይቱ በቅጡ ስለማይደርቅ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ነገሩ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ድንበር ተሻግረው ኡም ራኩባ የገቡ ኢትዮጵያውያንም ሆኑ፣ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በሱዳኑ ጦርነት ተፈናቅለው ገዳሪፍ የደረሱ ቤተሰቦች ኑሮን ከመሬት ጀምረዋል። እንዲህ ላለ ሰው አልጋ ማለት ከጭቃና ከጊንጥ ከፍ ማለት ነው። በመጨረሻ ገንዘቡ ቀለም ገዝቶ መጋጠሚያ ያጣ ሰው ተታልሏል። ስለዚህ ገዢ አስቀድሞ አልጋውን ይገልብጥ፤ ከሥር ያለው ሥራ ካላሳፈረ፣ ከላይ ያለው ጌጥ ይገባዋል።