የጋላፊ መንገድና ትንሿ ጎማ መንፊያ

በሐምሌ የጅቡቲ ከተማ ሙቀት በጥላም 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፤ ፀሐይ ሲመታው የዋለ አስፋልት ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ጎማ የሚያፈነዳው ግን የአገሩ ሙቀት ብቻ አይደለም። አየር የጎደለው ጎማ በተሽከረከረ ቁጥር ጎኑ አብዝቶ ይተጣጠፋል፤ መተጣጠፉ ከውስጥ ያግለዋል፤ የጋለ ጎማም ይዳከማል። ከሲጋራ መለኮሻው 12 ቮልት ስባ የምትሠራው ትንሽ ጎማ መንፊያ እንግዲህ ከመንፋቷ ይልቅ የምትደነቀው በመለኪያዋ ነው። ማለዳ፣ ጎማው ሳይሞቅ፣ ደጃፍ ላይ ልኩን ትናገራለች። ቀትር ላይ የሚለካ ሰው ሙቀት ከፍ ያደረገውን ቁጥር አምኖ አየር ይቀንሳል፤ ሲቀዘቅዝ ጎማው ጎድሎ ይገኛል።

ጎሚስታ እያለ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል የሚል አይጠፋም። ከተማ ውስጥ ልክ ነው። ወደ ጋላፊ፣ ወደ ኢትዮጵያ ድንበር ለሚያመራ ግን አብዛኛው በረሃ የሆነ፣ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም መንገድ ይጠብቀዋል። ከባድ መኪና ለፍሬኑ ከሚያጠራቅመው አየር በቱቦ ቀድቶ ጎማ መሙላት ይቻላል፤ የቤት መኪና ይህ የለውም። ጎኑ የተቀደደ ጎማ በመንፊያ አይድንም፤ ለእርሱ ክሪክ፣ የብሎን መፍቻና ስኮርታ ያስፈልጋሉ (ስኮርታው ራሱ ተንፍሶ የሚገኝበት ጊዜ ስንት ነው!)። ሚስማር ወግቶት ቀስ እያለ የሚተነፍሰውን ግን እየቆሙ ቢሞሉት ጎሚስታው ዘንድ ያደርሳል። ርካሾቹ መንፊያዎች ቶሎ ይግላሉ፤ ሳያርፉ ስንት ደቂቃ እንደሚሠሩ ከመግዛት በፊት ካርቶኑ ላይ ማንበብ ነው።